ዝናቡም ነፋሱም የእነሱም ነው፦ ልዩ ፍላጎት ስላላቸው የባሌ ደጋ ሕፃናት የደጅ ጨዋታ

(በአጋርፋ ለወላጆች፣ ለኦ ክፍል መምህራንና ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ዲስኩር)



ዛሬ የምናገረው ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ላይ ስላሉ፣ ልዩ ድጋፍ ስለሚሹ ልጆቻችን ነው። ሕክምናቸውን ለሐኪሞቻቸው ልተውና እኔ ስለ ጨዋታቸው ልናገር። ያውም ደጅ ወጥተው ከዝናብ፣ ከነፋስ፣ ከፀሐይ፣ ከጉምና ከውርጭ ጋር ስለሚጫወቱት ጨዋታ። ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጠው፦ ልዩ ፍላጎት ያለው ሕፃን ከማንም ልጅ ይበልጥ ደጅ መውጣት ያስፈልገዋል፤ እኛ ደግሞ ከማንም ልጅ ይበልጥ የምንከለክለው እሱን ነው። የምንከለክለው ስለምንጠላው አይደለም። ስለምንሳሳለት ነው። ዛሬ የምለምናችሁም ይህን መሳሳት እንድትተዉ አይደለም፤ ሌላ መልክ እንድትሰጡት ነው።

የዕረፍት ደወል ሲደወል የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጆቹ በሩን ጥሰው ይወጣሉ። አንዱ ግን ጋቢ ተደርቦለት ደፍ ላይ ይቀራል፤ እግሩ ስለማይታዘዝለት፣ ወይም ዓይኑ ስለማያይ፣ ወይም «ይጠፋብናል» ተብሎ። ካፊያ ቢጥል ደግሞ ከደፉም ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ሌሎቹ ጭቃ ረግጠው፣ ተንሸራተው፣ ተሳስቀው ይመለሳሉ። እነሱ በዚያች አጭር ጊዜ ርጥብ ምን እንደሆነ፣ ቀዝቃዛ ምን እንደሆነ፣ መውደቅና መነሣት ምን እንደሆነ ተምረዋል። እሱ የተማረው መጠበቅን ብቻ ነው። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም በዓመቱ መጨረሻ በልጆቹ መካከል የምናየው ልዩነት የጉዳቱ ብቻ አይሆንም፤ ግማሹ እኛ የጨመርንበት ነው።

ለምን ይህን ጉዳይ በአጋርፋ አነሣዋለሁ? የባሌ ዝናብ ከሌላው ደጋ ዝናብ ስለሚለይ ነው። በአብዛኛው የአገራችን ደጋ ዋናው ዝናብ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ ነው። እዚያ ያለ መምህር ዝናቡን ለቤተሰብ ትቶለት ሊሄድ ይችላል። እዚህ ግን ገበሬው ሁለት የሰብል ወቅት አለው፤ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለውን ገና ይለዋል፣ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ቦና ይለዋል። የመስከረምና የጥቅምት ዝናብ ትምህርት በተከፈተ ማግስት ይመጣል። የመጋቢትና የሚያዝያው ደግሞ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መካከል ይወርዳል። እንግዲህ የአጋርፋ የኦ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ዘመኑ ገሚሱን ያህል ከዝናብ ጋር ያሳልፋል። «ዝናቡ ያባራና እንወጣለን» የሚል መምህር እዚህ አገር ልጆቹን ለወራት ዘግቶባቸው ይከርማል።

ዝናብ ብቻም አይደለም። ከጎባ ተነሥታችሁ ወደ ሳነቴ አምባ ብትወጡ በአንድ ጠዋት መንገድ ከገብስ ማሳ ወደ አስታ ቁጥቋጦ፣ ከአስታ ወደ ጅብራ ትደርሳላችሁ። አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከፍተኛው ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ጉሙ፣ ውርጩና ድንገተኛው በረዶ ከዚህ የተራራ ጠባይ ጋር የተያያዙ ናቸው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ሰዎች ባሕር ተሻግረው ሊያዩት ይመጣሉ። ከዚያ ተራራ ቁልቁል የሚነፍሰውን ነፋስ በጉንጩ ማወቅ የሚገባው የመጀመሪያው ሰው ግን እዚህ የተወለደው ልጅ ነው፤ መራመድ ቢችልም ባይችልም፣ ቢያይም ባያይም።

አሁን ወደ ስሜት ሕዋሳት ልግባ። አምስቱን ሁላችን እናውቃለን፤ ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ። ከልጆች ጋር የሚሠሩ ባለሙያዎች ሁለት ይጨምሩባቸዋል። አንዱ ሚዛንን የሚጠብቀው፣ በውስጠኛው ጆሮ ያለው ስሜት ነው። ሌላው ጡንቻና መገጣጠሚያ ለአንጎል የሚልኩት መልእክት ነው፤ ዓይናችንን ጨፍነን እጃችን የት እንዳለ የምናውቀው በእሱ ነው። አሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ጂን አየርስ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህ ስሜቶች እርስ በርስ ካልተቀናጁ ልጅ መማር እንደሚከብደው አስረዱ። ከዚያ በኋላ በሀብታም አገሮች ለዚሁ ተብሎ ክፍል መሥራት ተለመደ፤ ዥዋዥዌ፣ የአሸዋ ገንዳ፣ ልዩ ልዩ መብራት ያለበት።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ ልናገር። ይህ ዓይነቱ ቴራፒ ምን ያህል ውጤት እንዳለው በሊቃውንት መካከል ክርክር አለ። ጭቃ ማቡካት ኦቲዝምን አያጠፋም፤ ዝናብ መንካት ሴሬብራል ፓልሲን አያድንም። ያጠፋል፣ ያድናል የሚላችሁ ሰው ቢመጣ አትመኑት። ጨዋታው የሚሰጠው ሌላ ነው፤ ቃል፣ የጡንቻ ብርታት፣ ተራ መጠበቅ፣ ጓደኛና ደስታ። ለአንድ የአምስት ዓመት ልጅ ከእነዚህ የሚበልጥ ምን አለ?

ልጅን ከቤት አውጥቶ በደጅ ማስተማር አዲስ ፈሊጥም አይደለም። ማርጋሬት ማክሚላን በ1914 እ.ኤ.አ. በለንደን ደትፎርድ ሰፈር ለድሆች ልጆች የከፈቱት መዋዕለ ሕፃናት መሠረቱ አትክልት ቦታና ንጹሕ አየር ነበር። ማሪያ ሞንቴሶሪም በስሜት ሕዋሳት ላይ የቆመውን ዘዴያቸውን የጀመሩት በሮም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆች ጋር ነው፤ ዓለም ለሌሎች ልጆች የወሰደው ኋላ ነው። ለልዩ ፍላጎት የታሰበ ነገር ለሁሉም ልጅ እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። አጋርፋም በዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በደርግ ዘመን ገበሬዎች ከየክፍለ ሀገሩ ወደዚህ እየመጡ ይሠለጥኑ ነበር፤ ዛሬም የግብርና ኮሌጅ አላት። ገበሬ ስለ አፈር የሚማረው አፈሩን ጨብጦ ከሆነ፣ ሕፃን ስለ ዝናብ የሚማረው በመስኮት እያየ ሊሆን አይችልም።

ልጆቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንድ ዝናብ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ነው፤ ስለዚህ በየተራ እንያቸው።

ማየት የተሳነውን ልጅ አስቡ። በጠራ ቀን ደጅ ለእሱ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ድምፅ የሌለው ነገር የለም ማለት ነውና። ዝናብ ሲጥል ግን ሁሉም ነገር ይናገራል። ቆርቆሮው በአንድ ድምፅ፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል በሌላ፣ ባልዲው በሌላ፣ አጥሩ በሌላ። ዓይናቸውን በጎልማሳነታቸው ያጡት የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጆን ኸል ይህንኑ በመጽሐፋቸው ጽፈውታል፤ ዝናብ የአካባቢያቸውን ቅርጽ በጆሮ እንዳሳያቸው። ፀሐይም አቅጣጫ ትሰጠዋለች። ጠዋት ግራ ጉንጩ ከሞቀ ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። ይህን በአምስት ዓመቱ የለመደ ልጅ በአሥር ዓመቱ ብቻውን ከቤት ትምህርት ቤት ሲሄድ ይጠቅመዋል።

መስማት የተሳናት ልጅ ዘንድ ስንሄድ ጉዳዩ ቋንቋ ይሆናል። መስማት የተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ ቤት ውስጥ የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው አራትና አምስት ዓመት ያልፋል። አየሩ ግን ለእናትም ለልጅም እኩል የሚታይ፣ እኩል የሚዳሰስ ነው። ነፋሱ ነጠላዋን ሲያውለበልበው በዚያው ቅጽበት የነፋስን ምልክት ማሳየት፣ ጠብታው እጇ ላይ ሲያርፍ የዝናብን ምልክት ማሳየት፤ ቃል ከነገሩ ጋር የሚጣበቀው እንዲህ ነው። ነጎድጓድ ሲመጣ ክፍል ውስጥ መዳፏን በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ብታሳርፉላት ንዝረቱን ታገኘዋለች።

ኦቲዝም ያለበትን ልጅ በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ዶፍ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ልጅ አለ። እንቆጣዋለን፤ ወይም ዝናብ ይፈራል እንላለን። ብዙ ጊዜ የሚያሠቃየው ዝናቡ አይደለም፤ ቆርቆሮው ነው። ጣሪያው ሥር ያለው ጩኸት ሜዳው ላይ የለም። መብረቅ የሌለበት ለስላሳ ካፊያ ሲሆን ይህን ልጅ አልብሳችሁ ብታወጡት፣ ክፍል ውስጥ ያጣውን ጸጥታ ደጅ ሊያገኘው ይችላል። ሌላው ኦቲዝም ያለበት ልጅ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ጫን ያለ ስሜት ይፈልጋል፣ ይዘላል፣ ይሽከረከራል፣ ግድግዳ ይገፋል። ለእሱ ውኃ የሞላ ጀሪካን ከሌላ ልጅ ጋር መሸከም፣ ጭቃ በእግር መርገጥ፣ ነፋስን በደረት እየገፉ መሄድ ያረጋጋዋል።

ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት ልጅ በብርድ ጡንቻዋ ይበልጥ ሊገታተር ይችላል፤ ስለዚህ የደጅ ጊዜዋ አጠር ይላል፣ ልብሷ ይደረባል። መሄድ ካልቻለች ዝናቡ ወደ እሷ ይምጣ። በእናቷ ጭን ወይም በተደገፈ ወንበር ላይ ሆና ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደውን ጠፈጠፍ በእጇ ትቀበል፤ ጣቷ ካልተዘረጋ በክንዷ ይውረድ። ተሽከርካሪ ወንበር በጭቃ አይሄድም የሚለውን አውቃለሁ። የስንዴ አገር ላይ ነን፤ ጠጠርና ገለባ እናንጥፍለት። ዳውን ሲንድረም ወይም ሌላ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ድግግሞሽ ነው። አንዱን ቃል ብዙ ጊዜ መስማት አለበት፤ ሳይሰለቸው። ለዚህ ከዝናብ የተሻለ አስተማሪ ከወዴት ይመጣል? ደግሞ ደጋግሞ ይመጣል፤ ሁለት ቀን ግን አንድ ዓይነት ሆኖ አይመጣም።

አሁን «እንዴት?» ወደሚለው እንምጣ፤ መምህራን የምትጠብቁት ይህን እንደሆነ አውቃለሁ። መጀመሪያው ሥርዓት ነው። እነዚህ ልጆች ድንገተኛ ነገር ያስጨንቃቸዋል፤ አየር ደግሞ ድንገተኛ ነው። ስለዚህ አየሩ ሲለዋወጥ የእኛ አካሄድ አይለዋወጥ። በሩ አጠገብ አራት ሥዕሎች ይሰቀሉ፤ ዝናብ፣ ነፋስ፣ ፀሐይ፣ ጉም። ለማያየው ልጅ በየሥዕሉ ላይ የሚዳሰስ ነገር ይለጠፍ፤ ለነፋስ የዶሮ ላባ፣ ለጉም የጥጥ ባዘቶ። አንድ ልጅ የዕለቱን ይመርጣል። ደወል ይደወላል፤ ለማትሰማው ልጅ ደማቅ ጨርቅ ይውለበለባል። ይለብሳሉ፣ ይወጣሉ፣ ይጫወታሉ። ደወሉ እንደገና ሲደወል ይገባሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይደርቃሉ፣ ስላዩት ያወራሉ። ቅደም ተከተሉ በየቀኑ አንድ ይሁን። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ለመጀመሪያው ወር በቂ ነው።

ለዝናብ ቀን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ጣሳ፣ የላስቲክ ባልዲ፣ የሸክላ ገል፣ የብረት ትሪ ደርድሩ። እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይሰጣል፤ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው «የቱ ነው?» ይባባላሉ። የሞላውን በጆግ መቅዳት፣ ማፍሰስ፣ እንደገና መቅዳት፤ እርሳስ ለመያዝ የሚዘጋጅ እጅ የሚጠነክረው እዚህ ነው። ዝናቡ ሲያባራ በቦዩ ላይ የገለባ ጀልባ ይለቀቃል። ከደረቅ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሁሉንም አቁማችሁ እንዲያሸቱ አድርጓቸው። ያ ደስ የሚል የአፈር ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ባክቴሪያዎች ከሚሠሩት ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ የሰው አፍንጫ እጅግ ጥቂቱን እንኳ ይለየዋል። አፉን ያልፈታ ልጅም ሽታን ያስታውሳል።

ጭቃ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አባቶቻችን ቤት ሲሠሩ ጭቃን በገለባ አቡክተው ነው፤ ልጆቹም በትንሽ ገንዳ ያቡኩ። ጭቃ መንካት የሚዘገንነው ልጅ አለ። እጁን ይዛችሁ አትንከሩት። ዛሬ በእንጨት ይንካው፣ በሚቀጥለው ሳምንት በአንድ ጣቱ፣ ከዚያም በመዳፉ። ሦስት ወር ቢፈጅም ይፍጅ። በእነዚህ ልጆች ላይ በግድ የተደረገ ጨዋታ ጨዋታ አይባልም።

የነፋስ ጊዜ ከአጨዳ ጋር ይመጣል። ኮምባይነር በበዛበት በዚህ አገር እንኳ አውድማና መንሽ ያላቸው ሽማግሌዎች አሉን። አንድ አባት ወደ ትምህርት ቤት ተጠርተው ገለባ በነፋስ ሲያዘሩ ልጆቹ ቢያዩ፣ እፍኝ እፍኝ ይዘው ወደ ላይ ቢወረውሩ፣ ፍሬው ወደ ታች ገለባው ወደ ጎን መሄዱን ቢመለከቱ፣ ይህን የሚተካ የፋብሪካ መጫወቻ የለም። ብናኙ ዓይን ውስጥና መተንፈሻ ውስጥ እንዳይገባ ግን ልጆቹ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ይቁሙ፤ አስም ያለበት ልጅ ራቅ ብሎ በጨርቅ ሪባን ይጫወት።

ፀሐይ ስትወጣ ጥላ እንጫወት። ጠዋት የልጁን ጥላ በእንጨት መሬት ላይ አስምሩለት፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ እዚያው አቁሙት። አጋርፋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ። በእነዚያ ቀናት እኩለ ቀን ላይ የልጁ ጥላ እግሩ ሥር ይጠፋል። ጉም ሲወርድ ደግሞ መምህርቷ ጥቂት ርምጃ ሄዳ ትሰወርና ትጣራለች፤ ልጆቹ ሁሉም አንድ ገመድ ይዘው ወደ ድምፅዋ ይሄዳሉ። ያልታየ ሰው ጠፋ ማለት እንዳልሆነ የሚማሩበት ጨዋታ ነው። በረዶ ሲጥል ማንም አይወጣም፤ ካቆመ በኋላ በሳህን አፍሳችሁ አምጡላቸው። በጨርቅ ላይ ያድርጉት፣ ይንኩት፣ ሲቀልጥ ይጠብቁ።

አሁን ወደ ፍርሃታችን። እናቶች «ብርድ ይመታዋል»፣ «ምች ይመታዋል» ይላሉ። በዚህ አባባል ማንም እንዳይስቅ እለምናለሁ፤ ልጇን ታቅፋ ሌሊት ያደረች እናት የምትናገረው ነው። ጉንፋን የሚያሲዘው ቫይረስ ነው፤ በተዘጋና በተጨናነቀ ክፍልም ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ ይተላለፋል። ብርድ ግን እውነተኛ ጠላት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ርጥብ ልብስና ነፋስ ሲገናኙ። በተለይ «በረደኝ» ብሎ መናገር የማይችል ልጅ ሲሆን። ስለዚህ ትልቅ ሰው በየጥቂቱ ደቂቃ ማጅራቱን ይዳስስ፣ ከንፈሩን ይመልከት፤ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ጨዋታው አብቅቷል። ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር አንድ ቅያሪ ልብስ ከቤት ይምጣ።

ሌሎቹንም ልዘርዝራቸው፤ እነዚህ ለድርድር አይቀርቡም። የመብረቅ ብልጭታ አይታችሁ ነጎድጓዱ ሠላሳ ሳትቆጥሩ ከተሰማ ሁሉም ወደ ክፍል ይግባ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቅ፤ ትልቅ ዛፍ ሥር መጠለል ፈጽሞ አይሆንም። የሚጥል ሕመም ያለበት ልጅ ከውኃ ገንዳ አጠገብ ብቻውን አይቁም። በአከርካሪ ችግር እግሩ የማይሰማው ልጅ ቅዝቃዜውንም ትኩሳቱንም ስለማያውቀው በረዶ ወይም የጋለ ድንጋይ እግሩ ላይ አይደረግ። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች የልብ ችግር ሊኖርባቸው ስለሚችል አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ይታዩ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የፀሐይ ጎጂ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደመና ቢኖርም ቆዳ ይቃጠላል። አልቢኒዝም ላለበት ልጅ ሰፊ ባርኔጣና እጅጌው ረጅም ልብስ ግድ ነው፤ የእኩለ ቀን ፀሐይም ይቅርበት። በባዶ እግር ጭቃ መርገጥ ለጥቂት ደቂቃ ይሁን፤ ከዚያ በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ጫማ ማድረግ። በደጋ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣልና፣ ልጆቻችን ከጨዋታው ጋር ይህንንም ልማድ ይውረሱ።

የመጨረሻው ፍርሃት «ሰው ምን ይላል?» የሚለው ነው። ከብርዱም ከመብረቁም ይልቅ ብዙ ልጆችን ቤት ያስቀረ እሱ ነው። ይህን ፍርሃት በአደባባይ ከሰበሩት ኢትዮጵያውያን አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነበሩ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ብዙ እናቶች ልጃቸውን በሚደብቁበት ጊዜ እሳቸው ስለ ልጃቸው በቴሌቪዥን ተናገሩ። በ2013 ዓ.ም. በሞት ቢለዩንም የከፈቱት በር አልተዘጋም፤ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልና ሌሎችም ተከትለዋል። ነገር ግን እነዚህ ማዕከላት በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው፤ ከአጋርፋ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ። ልጁን አዝሎ ወደዚያ መመላለስ የሚችል ገበሬ ስንት ነው? ስለዚህ ማዕከሉ እስኪመጣ በእጃችን ያለውን እንጠቀም። የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ቤተሰቦች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችን በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። የሥልጠናው ልብ ቀላል ነው፤ ወላጅ ልጁን በዕለት ተዕለት ሥራና በጨዋታ ውስጥ ማሳተፍን ይማራል። ያ ጨዋታ ደጅ ላይ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ጨዋታን የልጅ መብት ያደርገዋል። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛ ልጆች በትምህርት ቤት ጭምር ከሌሎች ልጆች እኩል የመጫወት ዕድል እንዲያገኙ ያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ እንዳለበት ይመክራል። ደፍ ላይ የተቀመጠው ልጃችን ስንት ደቂቃ ያገኛል? ይህን ቁጥር እያንዳንዱ መምህር ነገ ይቁጠር።

እንግዲህ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ምን እናድርግ? መምህራን፤ ልጆቹ ብዙ፣ እናንተ ጥቂት እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹ ሲወጣ ግማሹ ይቆይ፤ ለእያንዳንዱ ድጋፍ ለሚሻ ልጅ አንድ የደጅ ጓደኛ ስጡት። አያቶችን ጥሩ፤ ጊዜም ትዕግሥትም ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ርዕሳነ መምህራን፤ የምለምናችሁ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ጠጠር የፈሰሰበት ደረቅ መቆሚያ፣ የእጅ መታጠቢያና የቅያሪ ልብስ ሳጥን ነው። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፤ የደጅ ሰዓት በኦ ክፍል ዕለታዊ መርሐ ግብር ላይ በጽሑፍ ይስፈር፤ ያልተጻፈ ነገር በመጀመሪያው ካፊያ ይሰረዛል። በሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን፤ ይህን ሥራ ከእኛ ጋር ሆናችሁ አጥኑልን፤ የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን ለይታችሁ ንገሩን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፤ በየቤቱ የምትገቡት እናንተ ናችሁ፤ ከጓዳ ያለውን ልጅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ወላጆች፤ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። የአዲሱ ዓመት ምዝገባ ሲከፈት ልጃችሁን እጁን ይዛችሁ፣ ካልሄደም አዝላችሁ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ አምጡት። ጎረቤታችሁ ቤት የተደበቀ ልጅ ካለ እናቱን «ነይ አብረን እንሂድ» በሏት፤ ብቻዋን የምትፈራውን መንገድ ከሰው ጋር ትሄደዋለች። ስሙ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። ከተጻፈ በኋላ ደግሞ «ዛሬ ደጅ ወጥቷል ወይ?» ብላችሁ መምህሩን ጠይቁ፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ጠይቁ። መብት የሚጸናው ሲጠየቅ ነው።